ግሉኮሳሚን፣ ኤምኤስኤም፣ ተልባ ወይስ ካልሲየም? ለሚያነክስ የጋሪ ፈረስ የትኛው ይቅደም

ድሬ ላይ የጋሪ ፈረስ የያዘ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ፈረሱ ጠዋት ሲነሳ እግሩ ግትር ብሏል። ትንሽ ከተራመደ በኋላ ይፈታለታል። አስፋልት ላይ ሶምሶማ ሲጀምር ግን ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ያነክሳል። ከዚያ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። አንዱ ፋርማሲ ሄደህ ግሉኮሳሚን የሚባለውን የሰው የመገጣጠሚያ እንክብል ግዛለት ይላል፣ ሌላው ውጭ ያለ ዘመዱ የላከለትን ባልዲ ሙሉ ዱቄት ያወራልሃል፣ አንዱ ተልባ ይላል፣ አንዱ እርድ፣ አንዱ ደግሞ «ተው አቦ፣ ዲክሎፍናክ ውጋውና ይነሳል» ብሎ ይገላግልሃል።

ሁሉንም መግዛት አትችልም። መግዛት ብትችልም ሁሉንም በአንዴ መስጠት አያዋጣም። ስለዚህ ማወዳደር ግድ ነው፤ የትኛው ምን ይሠራል፣ የትኛው በአካባቢያችን ይገኛል፣ የትኛው ለብርህ ይመጥናል።

የኔን ደረጃ ከፊት ልንገርህ። መጀመሪያ ኮቴና ጭነት። ቀጥሎ የመኖው ካልሲየምና ጨው። ከዚያ ተልባ። ከዚያ ኤምኤስኤም የሚባለው ድኝ ያለበት ዱቄት፣ ከተገኘ። ግሉኮሳሚን መጨረሻ ላይ፣ ያውም ብር ተርፎህ ከሆነ። ብዙ ሰው በተቃራኒው ነው የሚጀምረው፤ ውዱን እንክብል ገዝቶ ኮቴውን ይረሳል። እንስሳው ነው የሚጎዳው።

ሕመሙ በርግጥ መገጣጠሚያ ላይ ነው?

ፈረስ የፊት እግሩን ሲያነክስ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ኮቴው ውስጥ ነው። የተሰካ ሚስማር፣ የገባ ጠጠር፣ ስንጥቅ፣ ውስጥ የተቋጠረ መግል። ወይም ደግሞ ሳይቆረጥ የከረመ ኮቴ። የኮቴው ጫፍ ሲረዝም ፈረሱ እግሩን ከመሬት ባነሳ ቁጥር ጅማቱና መገጣጠሚያው ላይ ተጨማሪ ጉልበት ያርፋል። በቀን ውስጥ ይሄ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚደጋገም አስበው። በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ኮቴውን በሚያውቅ ሰው ማስቆረጥ ከማንኛውም ባልዲ ዱቄት በላይ መገጣጠሚያ ያድናል።

የትኛው እግር እንደሚያመው ለማወቅ ስልክህ ይበቃሃል። ጠንካራና ሜዳ የሆነ ቦታ ፈልግ። ሰው ገመዱን ላላ አድርጎ ይዞ በሶምሶማ ያምጣው፣ አንተ ከፊት ቆመህ ቅረጽ። ጭንቅላቱን ዝቅ የሚያደርገው ጤነኛው የፊት እግሩ ሲያርፍ ነው። የሚያመው ሲያርፍ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ይሰቅላል። ከዚያ በእጅህ ሁለቱንም እግሮች ከኮቴ እስከ ጉልበት ዳስስ፤ አንዱ ከሌላው ከሞቀ ወይም ካበጠ ቦታውን አገኘኸው ማለት ነው።

አንዳንዱ ነገር ግን ጭራሽ የሳፕሊመንት፣ ማለትም ከመኖ ጋር የሚጨመር ማሟያ፣ ጉዳይ አይደለም። መገጣጠሚያው በድንገት አብጦ የሚያቃጥል ከሆነ፣ መገጣጠሚያው አጠገብ ቁስል ካለ፣ ወይም ፈረሱ እግሩን መሬት ላይ ማሳረፍ ካቃተው፣ ያኔ ሐኪም ነው የሚያስፈልገው፣ ዛሬውኑ። መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ይጎዳል። በእግሩ ላይ በተርታ የሚያብጡና የሚፈነዱ እብጠቶች ካየህም ሐኪም ጥራ፤ በሀገራችን የጋሪ ፈረሶች ላይ የታወቀ፣ በፈንገስ የሚመጣና ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ በሽታ አለ፣ አንዳንዴም መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባል። የሱን ኮርቻና መታጠቂያ ለሌላ ፈረስ አታውስ።

ሀረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፣ ለእኛ ቅርብ ነው። ግን የሚያነክስ ፈረስ በእግሩ የደንገጎን ዳገት አይወጣም። መጀመሪያ በአካባቢህ ያለ የእንስሳት ሐኪም ቪዲዮውን ያሳየው።

ስለ ጭነትም አንድ ነገር ልበል። ከደቻቱ ወንዝ የሚጫን አሸዋ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ አሸዋ 1,600 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ ሲረጥብ ደግሞ ይጨምራል። ግማሹን ብትጭን 800 ኪሎ ነው፣ የጋሪው ክብደት ሳይቆጠር። የኛ ሀገር ፈረስ ብዙውን ጊዜ 250 ኪሎ አካባቢ ነው። ይሄን እየጫኑ የመገጣጠሚያ እንክብል መስጠት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ክብደቱን ሳታውቅ መጠን አትወስን

የሳፕሊመንት ባልዲ ላይ የሚጻፈው መጠን 500 ኪሎ ለሚመዝን የውጭ ፈረስ ነው። ያንተ ፈረስ ግማሹ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የልብስ ሰፊ ሜትር ያዝ። ከፊት እግሩ ጀርባ ደረቱን ዙሪያውን ለካ። ከዚያ ከትከሻው ፊት ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ያለውን ርዝመት ለካ፣ ሁለቱንም በሳንቲሜትር። የደረቱን ልኬት በራሱ አባዛው፣ ውጤቱን በርዝመቱ አባዛው፣ ለ11,880 አካፍለው። ደረቱ 145፣ ርዝመቱ 130 ከሆነ 230 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። ግምት ነው፣ ግን በዓይን ከመገመት በጣም ይሻላል።

ካልሲየም፦ ማንም የማያስታውሰው፣ እኔ ግን ከሚበሉት አንደኛ የማደርገው

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ድሬም ሐረርም ላይ ብዙ ፈረስ የሚጎዳው በዚህ ይመስለኛል።

የጋሪ ፈረስ ዋና መኖው ምንድነው? ፉርሽካ፣ ገለባ፣ የማሽላ አገዳ፣ ሲገኝ ሳር። ፉርሽካ ጥሩ ነገር ነው፣ ፈረሱም ይወደዋል። ችግሩ ፎስፈረሱ በጣም ብዙ፣ ካልሲየሙ በጣም ትንሽ መሆኑ ነው። በአንድ ኪሎ ፉርሽካ ውስጥ ካልሲየሙ ከ1 ግራም ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ፎስፈረሱ 11 ወይም 12 ግራም ይደርሳል። የፈረስ አካል ግን የሚፈልገው ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ እንዲበልጥ፣ ቢያንስ እኩል እንዲሆን ነው።

ሚዛኑ ለወራት ሲዛባ ምን ይሆናል? ፎስፈረሱ ካልሲየሙ ከመኖው እንዳይወሰድ ያግደዋል። ደም ውስጥ ያለው ካልሲየም እንዳይወርድ አካሉ ከራሱ አጥንት እየቀነሰ መውሰድ ይጀምራል። አጥንቱ ይሳሳል። ጅማቶቹ ከአጥንቱ ጋር የሚያያዙበት ቦታ ያማል። ፈረሱ ዛሬ በዚህ እግሩ፣ ነገ በዚያኛው ያነክሳል፣ አካሄዱ ግትር ይሆናል። ሲብስ የፊቱ አጥንት ያብጣል፣ ጥርሱም ይላላል። ባለቤቱ «አረጀ፣ መገጣጠሚያው አለቀ» ይላል። ፈረሱ ግን የተጎዳው በመኖው ነው። ቶሎ ከተደረሰበት ይስተካከላል።

ማስተካከያው ርካሽ ነው። ለእያንዳንዱ 1 ኪሎ ፉርሽካ 30 ግራም አካባቢ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት፣ ትጨምራለህ። የዶሮ መኖ የሚያቀናብሩ ሰዎች ላይምስቶን የሚሉት ነው። 30 ግራም ሁለት የሾርባ ማንኪያ አካባቢ ይሆናል፣ ግን አንድ ቀን በወርቅ ቤት ወይም በቅመም ሚዛን አስመዝነህ ማንኪያህን እወቅ። ይሄ የፉርሽካውን ሚዛን ወደ እኩል ያመጣዋል፤ የቀረውን ጥሩ ሳር ወይም አልፋልፋ ይሞላዋል። አልፋልፋ በካልሲየም የታወቀ መኖ ነው፣ በቀን አንድ እቅፍ እንኳን ለውጥ ያመጣል።

ይሄን በደንብ ስማኝ፦ ግድግዳ የሚቀባው ኖራ አይደለም። እሱ ያቃጥላል፣ አፉንና ሆዱን ይልጠዋል። የምትፈልገው ለመኖ የተዘጋጀውን፣ ሲነካ የማያቃጥለውን የድንጋይ ዱቄት ነው። ሻጩ ልዩነቱን ካላወቀ ከሱ አትግዛ።

ከካልሲየሙ ጎን ጨው አለ። ድሬ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፣ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ቀኑን ሙሉ ያልበዋል። በላብ የሚወጣው ብዙው ሶዲየምና ክሎራይድ ነው፣ ማለትም ጨው፤ ገለባና ፉርሽካ ደግሞ ጨው የላቸውም ማለት ይቻላል። በቀን 30 ግራም አካባቢ ተራ ጨው መኖው ላይ ነስንስለት፣ አሞሌ ካገኘህም እንዲልሰው አስቀምጥለት። ጨው የሚሰጠው ግን ውሃ በልኩ ለሚያገኝ ፈረስ ብቻ ነው። ውሃ ያጣ ፈረስ ጡንቻው ይተሳሰራል፣ አካሄዱም የመገጣጠሚያ ሕመም ይመስላል።

እዚሁ ላይ የሐረርጌን ነገር ላንሳ። ማሽላ ሲሳሳ የሚነቀለው ለጋ ተክል ለከብት ይሰጣል። ለፈረስ አትስጥ። ትኩስ ለጋ ማሽላ ለሳምንታት የበላ ፈረስ የኋላ እግሮቹን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ይንገዳገዳል፣ ሽንቱንም መያዝ ይሳነዋል፤ ጉዳቱ ከነርቭ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። በደንብ የደረቀ አገዳ ሌላ ነው፣ ችግር የለውም። ፈረስህ ከኋላ የሚወላገድ ከሆነ መገጣጠሚያ ከማለትህ በፊት ምን ሲበላ እንደከረመ አስብ።

ተልባ፦ ከጓዳችን የሚገኘው

ከሳፕሊመንቶቹ ሁሉ ለኛ የሚቀርበው ተልባ ነው። ቀፊራ ገበያ ገብተህ በኪሎ ትገዛዋለህ፣ ከውጭ የሚጠበቅ ነገር የለውም። ከክብደቱ 40 በመቶ አካባቢ ዘይት ነው፣ ከዘይቱም ግማሽ ያህሉ ኦሜጋ 3። ኦሜጋ 3 በአካል ውስጥ ብግነትን ያረግባል። ደረቅ ገለባና ፉርሽካ ብቻ የሚበላ ፈረስ ይሄን አያገኝም፤ አረንጓዴ ሳር የሚግጥ ፈረስ ግን ከሳሩ ያገኘዋል።

እውነቱን ለመናገር ተልባ ውስጥ ያለው ኦሜጋ 3 ዓሳ ውስጥ ካለው ይለያል። ለመገጣጠሚያ ብግነት ይበልጥ የሚሠሩት ከዓሳና ከባሕር አልጌ የሚገኙት ኢፒኤና ዲኤችኤ የሚባሉት ናቸው። አርትራይተስ ባለባቸው ፈረሶች ላይ ለ90 ቀን በተደረገ ሙከራ እነዚህን ያገኙት ፈረሶች በመገጣጠሚያ ፈሳሻቸው ውስጥ የነጭ የደም ሴል ቁጥር ቀንሷል፤ ያ የብግነት መቀነስ ምልክት ነው። የተልባውን ኦሜጋ 3 ግን ፈረስ በአካሉ ወደ እነዚህ የሚቀይረው በትንሹ ብቻ ነው። ታዲያ ለምን ተልባን አስቀደምኩ? ስለሚገኝ፣ ርካሽ ስለሆነ፣ ጉልበትም ስለሚሰጥ፣ ፈረሱም ሳይጠላው ስለሚበላው ነው። የሰው የዓሳ ዘይት ካፕሱል አንዱ ብዙውን ጊዜ 300 ሚሊግራም ኢፒኤና ዲኤችኤ ነው ያለው፤ ለፈረስ የሚበቃ ለማድረግ በቀን ስንት እንደሚፈጅብህ ሂሳቡን ሥራው። ኮድ ሊቨር የሚባለውን የጉበት ዘይት ደግሞ በብዛት አትስጥ፣ ቫይታሚን ኤ እና ዲ ስላለው ሲበዛ ይመርዛል።

ለ250 ኪሎ ፈረስ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም የተፈጨ ተልባ ይበቃል። በአንድ ማንኪያ ጀምርና በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ሙሉ መጠኑ አድርሰው። ሳይፈጭ ከሰጠኸው ብዙው እንዳለ በፋንድያው ይወጣል። ፈጭተህ አታከማች፤ በድሬ ሙቀት የተፈጨ ተልባ በቶሎ ይሻግታል፣ የጥቂት ቀን ብቻ ፍጭ። በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈህም አታሳድረው። ተልባ ሲዘፈዘፍ ሳያናይድ ሊለቅ ይችላል። ደረቁን ፈጭተህ ወዲያው ከመኖው ጋር አደባልቀህ ስጥ፣ ወይም ማራስ ከፈለግህ ክዳኑን ከፍተህ በደንብ አፍላው።

ኤምኤስኤም

ይሄ ድኝ ያለበት ነጭ ዱቄት ነው፣ ትንሽ ይመራል። ከእንክብሎቹ ዓለም ውስጥ እኔ ትንሽ ተስፋ የማደርግበት እሱን ነው። በዝላይ ፈረሶች ላይ በተሠራ ጥናት በአንድ ኪሎ ክብደት 8 ሚሊግራም የተሰጣቸው ፈረሶች ከከባድ ሥራ በኋላ በደማቸው የታየው የጉዳት ምልክት ቀንሷል። ያ ማለት ማነከሳቸው ቆመ ማለት አይደለም፣ ይሄን ሳላደባብቅ ልንገርህ። ግን ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ እንስሳ ምክንያት ያለው ምርጫ ነው።

የተለመደው መጠን ለ500 ኪሎ ፈረስ ከ10 እስከ 20 ግራም ነው፤ ላንተው ከ5 እስከ 10 ግራም። ንጹሕ ዱቄት ሆኖ ከተገኘ ከድብልቅ ባልዲ ይረክሳል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለህ «የፈረስ ሳፕሊመንት» ብለህ አትዘዝ፣ «ንጹሕ ኤምኤስኤም» በል።

ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን፦ ስሙ የገነነው

በዓለም ላይ ለፈረስ መገጣጠሚያ በብዛት የሚሸጠው ይሄ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። በአጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ ሽፋን የሚሠራው ከነዚህ ነገሮች ነው፣ ስለዚህ ካበላነው ይጠገናል ይላሉ።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ያ ሽፋን የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፣ በጣም በዝግታ፤ አንዴ ከተበላ ደግሞ እንደ ድሮው ተመልሶ አይበቅልም። ይሄን የትኛውም ዱቄት አይቀይረውም። ሁለተኛ፣ ፈረስ በአፉ የወሰደው ግሉኮሳሚን ወደ ደሙ የሚደርሰው በጣም ትንሹ ነው፤ በተለኩ ጥናቶች ከ2 እስከ 6 በመቶ አካባቢ። ከዚያም መገጣጠሚያው ውስጥ የሚገባው ከዚህም ያነሰ ነው።

ውጤቱስ? በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመ ሙከራ 24 ያረጁ ፈረሶች ተወስደው ግማሾቹ ለ3 ወር ግሉኮሳሚን፣ ኮንድሮይቲንና ኤምኤስኤም ያለበት የገበያ ድብልቅ ተሰጣቸው፣ የቀሩት የማይሠራ ማስመሰያ። ሳፕሊመንቱን የወሰዱት በአካሄዳቸው ከሌሎቹ አልተሻሉም። ኤምኤስኤምም በዚያ ድብልቅ ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ ከላይ ያልኩህን ተስፋ በልክ ያዘው።

ጥራቱ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ ምርመራ 23 የፈረስ ግሉኮሳሚን ምርቶች ተለክተው 9ኙ ላያቸው ላይ ከተጻፈው ያነሰ ግሉኮሳሚን ተገኘባቸው። ከነሱ 4ቱ ከተጻፈው 30 በመቶ እንኳን አልነበራቸውም። ይሄ ቁጥጥሩ ጠንከር በሚልበት ሀገር ነው። እዚህ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ላይ የሚሸጥ ወይም ከጅቡቲ በኩል የመጣ፣ ጽሑፉን ማንበብ የማትችለው፣ ፀሐይ ላይ ስንት ወር እንደቆየ የማይታወቅ ጣሳ ውስጥ ምን እንዳለ አንተም እኔም አናውቅም።

«የሰው እንክብልስ?» ትል ይሆናል። ለፈረሱ አይመርዘውም። ሂሳቡ ነው የማይሆነው። ለ500 ኪሎ ፈረስ የተለመደው 10 ግራም ነው፤ ለ250 ኪሎ 5 ግራም። የ500 ሚሊግራም እንክብል ከሆነ በቀን 10 ፍሬ። 60 ፍሬ ያለው ብልቃጥ በ6 ቀን ያልቃል። አንድ ለውጥ አለ ወይም የለም ለማለት ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት መስጠት አለብህ። በዚያ ብር ስንት ጊዜ ኮቴ ማስቆረጥ፣ ስንት ኪሎ አልፋልፋ መግዛት እንደሚቻል ራስህ አስላው። በቀን አንድ ሁለት ፍሬ መስጠት ግን ለፈረሱ ምንም አለመስጠት ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ

ሃያሉሮኒክ አሲድ በአፍ ተሰጥቶ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወጣት የሩጫ ፈረሶች ላይ የመገጣጠሚያ እብጠት ሲቀንስ የታየበት ጥናት አለ። ከአቮካዶና ከአኩሪ አተር የሚወጣው ድብልቅ የመገጣጠሚያ ሽፋኑን መበላት ሲቀንስ ታይቷል፣ ማነከስን ግን አልቀነሰም። ይሄ ተጨምቆ የሚዘጋጅ ነገር እንጂ አቮካዶ ራሱ አይደለም፤ የአቮካዶ ቅጠል፣ ልጣጭና ፍሬ ፈረስን ይመርዛል፣ ሐረር አካባቢ አቮካዶ ስለማይጠፋ ነው ይሄን የማነሳው። ኒውዚላንድ ካለ የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ የሚሠራው ዱቄትም በአንድ ጥሩ ጥናት ማነከስ ቀንሷል። ሦስቱም እዚህ አይገኙም ማለት ይቻላል፣ ሰው ካላመጣልህ አትድከምባቸው።

እርድ ርካሽ ነው፣ ግን ከሆድ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው፣ ማንኪያ ማንኪያ የሚሰጡትም የፈረሱን ሆድ ይረብሹታል። ነጭ ሽንኩርት አብዝቶ የሚሰጥ ሰው አውቃለሁ፤ ይቅርበት፣ ሲበዛ የፈረስን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል።

የሕመም ማስታገሻ ሳፕሊመንት አይደለም

ዲክሎፍናክ ተወግቶ በማግስቱ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ አልዳነም። ሕመሙ ተደብቆለት የተጎዳውን መገጣጠሚያ ይበልጥ እየፈጨው ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ሲደጋገሙ የፈረስን ጨጓራና አንጀት ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ፣ በተለይ ውሃ ባነሰው ፈረስ ላይ። ሐኪም ለጥቂት ቀን፣ በልኩ፣ ከእረፍት ጋር ሲያዝ ሌላ ነገር ነው። ያኔ ትልቅ እፎይታ ነው።

ዲክሎፍናክ ሌላም ጣጣ አለው። መድኃኒቱ ያለበትን ሬሳ የበላ አሞራ ኩላሊቱ ቆሞ ይሞታል። በደቡብ እስያ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሞራ ሊጠፋ የተቃረበው በዚህ ነው፣ ህንድም በ2006 እ.ኤ.አ. ለእንስሳት እንዳይሰጥ ከልክላለች። እኛ ጋ የሞተ ፈረስ ከከተማ ወጣ ብሎ ይጣላል፣ የሚያጸዱልን ደግሞ አሞራና ጅብ ናቸው።

መገጣጠሚያ ውስጥ ወይም ጡንቻ ላይ የሚወጉ የመገጣጠሚያ መድኃኒቶችም አሉ። አንዱ በየ4 ቀኑ 7 ጊዜ ጡንቻ ላይ የሚወጋ ነው፣ አሜሪካም ለፈረስ ተፈቅዷል። ከሚበላው ዱቄት የተሻለ መሠረት አላቸው። ግን የሐኪም ሥራ ናቸው፤ በቆሸሸ መርፌ መገጣጠሚያ ውስጥ መግባት ፈረሱን ይገድለዋል።

ታዲያ አንተ የትኛውን ያዝ?

ፈረስህ ወጣት ሆኖ በብዛት ፉርሽካ የሚበላ፣ እግር እየቀያየረ የሚያነክስ ከሆነ፣ ካልሲየምና አልፋልፋ። ሌላ ምንም አትግዛ፣ ፉርሽካውንም ቀንስ። ሁለት ሦስት ወር ጠብቀው፤ አጥንት በሳምንት አይሞላም።

ያረጀ ሆኖ አንድ የታወቀ መገጣጠሚያው ያበጠና ጠዋት ጠዋት የሚገትር ከሆነ፣ ኮቴውን አስተካክል፣ ጭነቱን ግማሽ አድርግ፣ ተልባ ጀምር። ጠዋት ወዲያው ጋሪ ላይ አታስረው። 10 ደቂቃ ባዶውን አራምደው። ሥራ በሌለበት ቀንም አስረህ አታውለው፣ የገተረ መገጣጠሚያ በቀስታ እንቅስቃሴ ነው የሚፈታው። ከዚያ ላይ ብር ካለህ ኤምኤስኤም ጨምር።

ከደጋው በኩል ለሰርግና ለበዓል የሚጋለብ ጥሩ ፈረስ ካለህ፣ ያው ነው፣ ግን አረንጓዴ ሳር ስለሚያገኝ ተልባው ያን ያህል ላያስፈልገው ይችላል። ወፍራም ከሆነ ማክሳት ከሁሉም ይበልጣል። አህያ ከሆነ ደግሞ ፉርሽካና ዘይት ያለበት ነገር አታብዛለት፣ አህያ በትንሽ መኖ የሚኖር እንስሳ ነው።

ውጭ ያለ ዘመድህ ግሉኮሳሚን ልላክልህ ካለ፣ አትቀየመው፣ ግን ያንኑ ብር ልኮልህ ኮቴ ቆራጭና ሐኪም ብትከፍልበት ይሻላል። ተልኮ ከመጣ ግን አይጣልም። ቀኑን እይ፣ በክብደቱ ልክ ስጠው፣ ከቤትህ ቀዝቃዛው ጥግ አስቀምጠው፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይሁን።

የምትሞክረውን ሁሉ አንድ በአንድ ሞክር። ተልባ፣ ካልሲየምና ኤምኤስኤም በአንድ ሳምንት ከጀመርክ የትኛው እንደሠራ መቼም አታውቅም። ከመጀመርህ በፊት ያን የሶምሶማ ቪዲዮ ቅረጽ። በየ2 ሳምንቱ እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው ሰዓት፣ ከሥራ በፊት ድገመው። ከ8 ሳምንት በኋላ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፈረሱን ለማያውቅ ሰው አሳየው፣ የቱ ቀድሞ እንደተቀረጸ ሳትነግረው። እሱ ልዩነት ካላየ ያን ነገር መግዛት አቁም፣ ብሩንም ለሚቀጥለው ኮቴ ቆረጣ አስቀምጠው።